ሞ ኢብራሂም፦ ሞገድ የለኩ፣ መንግሥት የመዘኑ ነጋዴ

ሞሐመድ ፋቲ አሕመድ ኢብራሂም፣ በአጭር ስማቸው ሞ ኢብራሂም፣ በ1946 በሱዳን ከኑቢያ ቤተሰብ ተወለዱ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ገና ልጅ ሳሉ ቤተሰቡ ኑሮውን ወደ ግብፅ አዛወረ፤ አባታቸው የጥጥ ኩባንያ ሠራተኛ ነበሩ። እስክንድርያ አድገው በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሩ፤ ሲመረቁም ወደ ሱዳን ተመልሰው በመንግሥት የቴሌኮም መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። በዚያ ዘመን በአብዛኛው አፍሪካ ስልክ ማለት ወረፋ ማለት ነበር። ማመልከቻ ገብቶ መስመር እስኪመጣ ዓመታት ያልፋሉ፤ መስመሩ ከገባ በኋላም ዝናብ ሲጥል የሚጠፋበት ቀን ብዙ ነው። ኢብራሂም በኋላ የተፎካከሩትን ሥርዓት በመጀመሪያ ያወቁት ከውስጥ፣ የወር ደመወዝተኛ ሆነው ነው።

በ1974 ለትምህርት ወደ እንግሊዝ ሄዱ። በብራድፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን፣ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በሞባይል መገናኛ ዶክትሬታቸውን ሠሩ። ስለ እሳቸው በሚጻፉ ታሪኮች ይህ የዶክትሬት ሥራ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋል። መታለፍ አልነበረበትም፤ የኋላው ነገር ሁሉ ከዚያ የተቀዳ ነውና።

ጥያቄው ይህ ነበር፦ ከማሰራጫ የወጣ የራዲዮ ሞገድ ሕንጻ በበዛበት ከተማ ውስጥ ሲጓዝ ምን ያህል ኃይሉን ያጣል? ገላጣ ሜዳ ላይ መልሱ በቀላል ቀመር ይገኛል። ከተማ ውስጥ ግን ሞገዱ ግድግዳ መትቶ ይነጥራል፣ በጣሪያ ጠርዝ ላይ ይታጠፋል፣ ከጎዳና ወደ ጎዳና ሲሻገር ይደክማል፤ አንድ ጥግ ላይ ጥርት ብሎ የሚሰማ ድምፅ ጥቂት እርምጃ አልፎ ይቆራረጣል። ኢብራሂም ከተመራማሪው ዴቪድ ፓርሰንስ ጋር ሆነው ለንደን ላይ ልኬት አካሄዱ። ከተማዋን ጎኑ 500 ሜትር በሆነ አራት ማዕዘን ከፋፍለው ለእያንዳንዱ ክፍል ሦስት ነገር መዘገቡ፦ ከቦታው ስንት እጁ በሕንጻ እንደተሸፈነ፣ ከሕንጻዎቹ ምን ያህሉ አራት ፎቅና ከዚያ በላይ እንደሆኑ፣ መሬቱም ከማሰራጫው ሥፍራ ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚል። እነዚህ ቁጥሮች ከርቀትና ከፍሪኩዌንሲ ጋር አንድ ቀመር ውስጥ ሲገቡ፣ የሲግናሉን ጥንካሬ በየመንገዱ እየዞሩ ሳይለኩ መገመት ተቻለ። ጥናቱ በ1983 ታተመ፤ ቀመሩም በሁለቱ ስም ተሰይሞ እስከ ዛሬ በመገናኛ ምሕንድስና መማሪያዎች ውስጥ ይገኛል።

ይህ የምሁራን ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ለነጋዴ ከባድ ገንዘብ ነው። የሞባይል ኩባንያ ካፒታሉን በብዛት የሚያፈስሰው ታወር ላይ ነው። ታወሩ ካነሰ ደንበኛው ስልኩን ወደ ሰማይ አንሥቶ «ኔትወርክ የለም» ይላል፤ ከበዛ ደግሞ ኩባንያው የማይመለስ ወጪ ውስጥ ይገባል። ስንት ታወር የት መቆም እንዳለበት ገና አንድ ብረት ሳይተከል የሚያውቅ ሰው ከተፎካካሪው ይቀድማል።

ኢብራሂም ለተወሰነ ጊዜ በቴምዝ ፖሊቴክኒክ ካስተማሩ በኋላ በ1983 የብሪቲሽ ቴሌኮም ቅርንጫፍ በነበረው ሴልኔት የቴክኒክ ዳይሬክተር ሆኑ። ሴልኔትና ተፎካካሪው ቮዳፎን በጥር 1985 የእንግሊዝን የመጀመሪያዎቹን የሞባይል ኔትወርኮች ሥራ አስጀመሩ። ለእናት ኩባንያው ግን ዋናው ንግድ ያኔም የመስመር ስልክ ነበር፤ ሞባይል የሀብታሞች መኪና ውስጥ የሚገጠም ቅንጦት ተደርጎ ይታይ ነበር። ኢብራሂም የትልቅ መሥሪያ ቤት ቢሮክራሲ እንዳልተስማማቸው ደጋግመው ተናግረዋል። በ1989 ለቀቁ።

የለቀቁት የራሳቸውን አማካሪ ድርጅት ለማቋቋም ነው። ሞባይል ሲስተምስ ኢንተርናሽናል፣ በምሕጻረ ቃል ኤምኤስአይ፣ ከመኖሪያ ቤታቸው ጀመረ። ጊዜው የተመቸ ነበር። የአውሮፓ መንግሥታት የሞባይል ፈቃድ ለግል ኩባንያዎች ማደል ጀምረዋል፤ ጂኤስኤም የተባለው ዲጂታል ሥርዓት በ1991 በፊንላንድ አገልግሎት ላይ ውሏል፤ ፈቃድ የወሰዱት ባለገንዘቦች ደግሞ ኔትወርክ መዘርጋት አያውቁም። ኤምኤስአይ ዕቅድ እያወጣላቸው፣ ጎን ለጎንም ፕላኔት የተባለ ሶፍትዌር ሠራ። ሶፍትዌሩ የአንድን አገር የመሬት አቀማመጥና የሰው አሠፋፈር ተቀብሎ የታወሮቹን ሽፋን በካርታ ላይ ቀለም ቀብቶ ያሳያል፤ በርሚንግሃም ላይ የተጀመረው የልኬት ሥራ የገበያ ዕቃ ሆነ ማለት ነው። ድርጅቱ ሲያድግ ሠራተኞቹ 30 ከመቶ ያህሉን አክሲዮን ያዙ። በ2000 ማርኮኒ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ገዛው። የቴክኖሎጂ አክሲዮን ገበያ በዓለም ዙሪያ ሊወድቅ በቋፍ ላይ የነበረበት ወቅት ነው፤ ማርኮኒ ራሱ በሚቀጥለው ዓመት ክፉኛ ተንኮታኮተ። ኢብራሂም የሸጡበት ጊዜ የዕድል ነው የስሌት ቢባል፣ ከሁለቱም አለበት ማለት ይቀላል።

ከዚህ ሽያጭ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1998፣ ከኤምኤስአይ ጎን ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ነበር። ስሙ በመጀመሪያ ኤምኤስአይ ሴሉላር ኢንቨስትመንትስ፣ በኋላ ሴልቴል ሆነ። ሐሳቡ የመነጨው ከአንድ ግርምት ነው። የኤምኤስአይ ደንበኞች የሆኑ የአውሮፓ ኩባንያዎች በእስያና በላቲን አሜሪካ ለሚሰጥ ፈቃድ ይሻማሉ፤ አፍሪካ ውስጥ ግን ፈቃድ በነጻ ወይም በጥቂት ገንዘብ እየተሰጠ የሚያነሣው ሰው አይገኝም። ኢብራሂም የሚተርኩት አንድ ታሪክ አለ። ኡጋንዳ ውስጥ ፈቃድ እንዳለ ለአንድ የአውሮፓ ቴሌኮም ኃላፊ ሲያማክሩ፣ ሰውየው በኢዲ አሚን አገር ገንዘቡን እንደማያባክን ነገራቸው። ኢዲ አሚን ከሥልጣን የተባረረው በ1979 ነው፤ ንግግሩ የተደረገው በ1990ዎቹ ነው።

የዚያን ጊዜውን የዋጋ ልዩነት ለማየት የ2000ን የእንግሊዝ ጨረታ ማንሣት ይበቃል። በሚያዝያ ወር የእንግሊዝ መንግሥት የሦስተኛ ትውልድ ሞባይል አምስት ፈቃዶችን ከ22 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ሸጠ። ገዢዎቹ ለዓመታት ከዕዳው አልተነሡም። በዚያው ሰሞን ሴልቴል በኡጋንዳ፣ በዛምቢያ፣ በማላዊ፣ በሴራሊዮን፣ በጋቦን፣ በሁለቱ ኮንጎዎች፣ ቀጥሎም በቻድ፣ በቡርኪናፋሶ፣ በኒጀርና በታንዛኒያ እግሩን ተክሏል። ኢብራሂም እንደሚሉት ዴሞክራቲክ ኮንጎ በዚያን ጊዜ 55 ሚሊዮን ሕዝብ ይዛ የነበራት ስልክ 3 ሺህ ያህል ብቻ ነበር። ሌላው ሰው እዚህ ቁጥር ውስጥ ድህነት ያያል፤ እሳቸው ያዩት ማንም ያልነካው ገበያ ነው።

ይሁንና ፈቃዱ ርካሽ መሆኑ ሥራውን ርካሽ አላደረገውም። ባንኮች ለአፍሪካ ቴሌኮም ብድር አይሰጡም ነበርና ኩባንያው ለረጅም ጊዜ የኖረው አክሲዮን እየሸጠ ነው። ከዓለም ባንክ ቡድን የግሉን ዘርፍ የሚደግፈው አይኤፍሲ፣ የእንግሊዙ ሲዲሲና የኔዘርላንድሱ ኤፍኤምኦ ገንዘባቸውን ካስገቡት ውስጥ ናቸው። እንዲህ ያለ ካፒታል ከብድር ይልቅ ውድ ነው፤ መሥራቾቹ በየዙሩ ድርሻቸው እየቀነሰ ይሄዳል። በሌላ በኩል ግን ወለድ የሚጠይቅ አበዳሪ ስላልነበረ አንድ አገር ጦርነት ውስጥ ሲገባ ኩባንያው በሙሉ አብሮ አልወደቀም።

ከዚያ የመሬቱ ሥራ መጣ። አውሮፓ ውስጥ ታወር ሲተከል የመብራት ገመድ በአጠገቡ ያልፋል፣ የጭነት መኪና እስከ ሥሩ ይደርሳል። በኮንጎ ጫካ ሁለቱም የሉም። ዕቃው በሄሊኮፕተር የሚጓዝበት ቦታ ነበር። ለእያንዳንዱ ታወር ጄኔሬተር ያስፈልጋል፤ አንዱ ሲበላሽ የሚተካ ተጠባባቂ ጄኔሬተርም አብሮ ይቆማል። ለጄኔሬተሩ ናፍጣ የሚያመላልስ መኪና፣ ለናፍጣው ማጠራቀሚያ፣ ናፍጣው እንዳይሰረቅ ዘበኛ መኖር አለበት። ታወሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኝ የመሬት መስመር ስለሌለ ጥሪው በማይክሮዌቭ ወይም በሳተላይት ይተላለፋል። የስልክ ኩባንያ ነኝ ብሎ የገባ ድርጅት መብራት ኃይልም፣ ትራንስፖርትም፣ ጥበቃም ሆኖ አረፈው።

የሁለቱ ኮንጎዎች ጉዳይ በዝርዝር ቢታይ ይሻላል። ብራዛቪልና ኪንሻሳ የሁለት አገር ዋና ከተሞች ሆነው በኮንጎ ወንዝ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ዳርና ዳር ያለው ሕዝብ ዘመድ ነው፣ ቋንቋው አንድ ነው፣ ነጋዴው በጀልባ ይመላለሳል። ስልክ ሲደወል ግን ጥሪው በሳተላይት አውሮፓ ደርሶ ይመለስ ነበር፤ የወንዙን ማዶ ማነጋገር የዓለም አቀፍ ዋጋ ያስከፍላል። ሴልቴል በሁለቱም በኩል ፈቃድ ስለነበረው በወንዙ ላይ የማይክሮዌቭ መስመር ዘረጋ። ጥሪው ወንዙን ቀጥ ብሎ ተሻገረ፤ ዋጋው ወረደ፤ የደዋዩ ቁጥር ወዲያው ተመነደገ። በ2006 ኩባንያው በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኡጋንዳ መካከል የሮሚንግ ክፍያን ያስቀረው «አንድ ኔትወርክ» የተባለ አገልግሎት ሲጀምር ያው ሐሳብ በሰፊው ተተገበረ ማለት ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረት ተመሳሳዩን ለዜጎቹ ያደረሰው በ2017 ነው።

ደንበኛውን ያስገኘው ሌላው ነገር ቅድመ ክፍያ ነው። ቋሚ አድራሻና የባንክ ደብተር ለሌለው ሰው በወር መጨረሻ ሂሳብ መላክ አይቻልም። ፍቆ የሚሞላ ካርድ ይህን ጣጣ ቆረጠው። ደንበኛው ባለው ሳንቲም ልክ ይሞላል፣ ኩባንያው ገንዘቡን አስቀድሞ ይሰበስባል፣ በየመንገዱ ጥግ ካርድ የሚያዞር ወጣት የዕለት ጉርሱን ያገኛል። ሚስኮል ማድረግና የሌላውን መልሶ መደወል መጠበቅ የተለመደውም በዚህ ሥርዓት ነው። ከዚህ በላይ አንድ እርምጃ የሄደ ሙከራም ነበር፤ ሴልፔይ የተባለው የሞባይል ክፍያ አገልግሎት በ2002 በዛምቢያ ተጀመረ፤ የኬንያው ኤምፔሳ ከመምጣቱ አምስት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። በኮንጎ መሣሪያ ላስቀመጡ ታጣቂዎች አበል የተከፈለው በዚህ መንገድ ነበር። ሴልፔይ ግን በአብዛኛው በድርጅቶች መካከል ተወስኖ ቀረ፤ ተራው ሰው ለዘመዱ ገንዘብ የሚልክበት መሣሪያ ለመሆን አልታደለም። ሐሳቡ ቀድሞ ዝናው ለሌላ ሄደ።

ስለ ጉቦ የወጣው ደንብ የኢብራሂምን የአሠራር ጠባይ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ያሳያል። ብዙ ሰዎች በአፍሪካ ያለ እጅ መንሻ ፈቃድም ጉምሩክም እንደማይታለፍ አስጠንቅቀዋቸው ነበር። የእሳቸው መልስ የሥነ ምግባር ስብከት አልነበረም። የሒሳብ ደንብ አወጡ፦ ከ30 ሺህ ዶላር በላይ የሆነ ክፍያ በሙሉ የዳይሬክተሮች ቦርድ ሳያጸድቀው አይወጣም፤ ዋና ሥራ አስኪያጁም ቢሆን አይችልም። የደንቡ ብልሃት ያለው ጫናውን ከአገሩ ሥራ አስኪያጅ ትከሻ ላይ በማንሣቱ ነው። አንድ ባለሥልጣን «ጉዳይህ እንዲያልቅ…» ብሎ ሲጀምር ሥራ አስኪያጁ ከመቆጣትም ከመሽኮርመምም ይድናል፤ ሥልጣኑ የለኝም፣ ጉዳዩ ለቦርድ ይቀርባል ይላል። ቦርዱ ደግሞ ውጭ አገር ተቀምጦ በቃለ ጉባኤ የሚመዘግብ ነው። ጉቦ ጠያቂ ቃለ ጉባኤ አይወድም። ደንቡ ሥራ አላጓተተም ማለት አይደለም፤ ጉዳይ ወራት የሚወስድበት ጊዜ መኖሩ አይቀርም። ነገር ግን ኩባንያው ሲሸጥ መዝገቡ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ ንጹሕ መዝገብ ደግሞ በገዢ ፊት ዋጋ አለው።

በዚሁ ዘመን ተመሳሳይ መንገድ የመረጠ ሌላ አፍሪካዊ ባለቴሌኮም ዚምባብዌያዊው ስትራይቭ ማሲይዋ ነው፤ የኢኮኔትን ፈቃድ ያገኘው ከመንግሥት ጋር አምስት ዓመት ያህል ፍርድ ቤት ተሟግቶ ነው። ልዩነታቸው ማሲይዋ ከአንድ አገር ተነሥቶ መስፋፋቱ፣ ኢብራሂም ግን ከመነሻው ብዙ አገሮችን በአንድ ጊዜ መያዛቸው ነው። ይህ አደጋን ያከፋፍላል፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ይሸከመዋል።

በ2004 ሴልቴል የኬንያውን ኬንሴል ገዛ፤ አክሲዮኑን በለንደን ገበያ ለሕዝብ ለማቅረብም መሰናዶውን ጨረሰ። በ13 አገሮች ከ5 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ነበሩት። የለንደኑ ዕቅድ ሲሰማ ገዢዎች መጡ። የደቡብ አፍሪካው ኤምቲኤን ዋጋ ቆረጠ፤ የኩዌቱ ኤምቲሲ በልጦ አሸነፈ። በ2005 ሴልቴል በ3.4 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ። የአክሲዮን አማራጭ የነበራቸው አፍሪካውያን ሠራተኞችም ከሽያጩ ደህና ገንዘብ አግኝተዋል፤ ከእነዚያ ውስጥ የራሳቸውን ድርጅት የከፈቱ አሉ።

ኔትወርኩ ከዚያ በኋላ ስሙ ብዙ ጊዜ ተቀያየረ። ኤምቲሲ በ2007 ዛይን ተባለ። በ2010 የሕንዱ ባርቲ ኤርቴል የዛይንን የአፍሪካ ንብረት በ10.7 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ናይጄሪያ ውስጥ በ2001 ኢኮኔት ተብሎ የተጀመረው ኔትወርክ ቪሞባይል፣ ሴልቴል፣ ዛይን፣ በመጨረሻም ኤርቴል ሆኗል፤ ናይጄሪያዊው ደንበኛ ቁጥሩን ሳይቀይር የኩባንያው ስም በላዩ ላይ ያልፍ ነበር። ኤርቴል አፍሪካ በ2019 በለንደን ገበያ ተመዘገበ፤ የሴልቴል መሥራቾች አቅደው የተዉት ነገር ከ14 ዓመት በኋላ በሌላ ባለቤት እጅ ተፈጸመ።

ከእነዚህ ሽያጮች አንድ የማይረሳ ጥያቄ ተነሥቷል። ሴልቴል የኩባንያዎቹን ባለቤትነት የያዘው በኔዘርላንድስ በተመዘገበ ድርጅት በኩል ነበር፤ ዛይንም ይህንኑ መዋቅር ወረሰ። በ2010 ሽያጩ የተፈጸመው በዚያ ደረጃ ስለነበር ታወሮቹ የቆሙባቸው አገሮች ከትርፉ ግብር እንዳይሰበስቡ መንገድ የተዘጋ መሰለ። የኡጋንዳ ገቢዎች ባለሥልጣን ዝም አላለም፤ ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ ግብር ጠየቀ፤ በ2014 የአገሪቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም ባለሥልጣኑ የመጠየቅ መብት እንዳለው ወሰነ። ክርክሩ የተነሣው ኢብራሂም ከሸጡ በኋላ፣ በሌላ ባለቤት ላይ ነው። ሆኖም ስለ መልካም አስተዳደር ሲነገር የባለሀብቱ የኩባንያ መዋቅርም አብሮ መታየቱ ተገቢ ነው።

በሴልቴል ካርታ ላይ ኢትዮጵያ አልነበረችም። በ1999 ሞባይል አዲስ አበባ ሲገባ አገልግሎቱን የሚሰጠው መንግሥት ብቻ ነበር፤ ይህ ከ20 ዓመት በላይ ቆየ። ለሳፋሪኮም ጥምረት የተሰጠው የመጀመሪያው የግል ፈቃድ በ2021 በ850 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ አገልግሎቱም በጥቅምት 2022 አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ። በ1990ዎቹ በጎረቤት አገሮች ለፈቃድ ይከፈል ከነበረው ጋር ሲተያይ፣ ገበያ መኖሩ ከታወቀ በኋላ የመግቢያ ዋጋው የት እንደሚደርስ ያሳያል።

ኢብራሂም ከሴልቴል ሽያጭ ማግሥት፣ በ2006፣ በስማቸው ፋውንዴሽን አቋቋሙ። ልጃቸው ሐዲል ኢብራሂም የመጀመሪያዋ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነች። አብዛኛው ባለሀብት በጎ አድራጎት ሲያስብ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ የውኃ ጉድጓድ ያስባል። ኢብራሂም ይህንን አልናቁትም፤ ነገር ግን ክሊኒኩን ሊሠራ የሚገባው መንግሥት ካልተስተካከለ ለጋሹ ለዘለዓለም ቀዳዳ በርሜል እንደሚሞላ ይከራከራሉ። ስለዚህ ገንዘባቸውን በአመራር ላይ አዋሉት። በ2013 ደግሞ ከሀብታቸው ቢያንስ ግማሹን ለበጎ ሥራ ለመስጠት ቃል ከገቡ የዓለም ባለሀብቶች ጋር ተደመሩ። በዚያው ዓመት በፕሪቶሪያ የኔልሰን ማንዴላን ዓመታዊ ንግግር ያቀረቡትም እሳቸው ናቸው።

ፋውንዴሽኑ በይበልጥ የታወቀው በሽልማቱ ነው። ተሸላሚው በዴሞክራሲያዊ ምርጫ ሥልጣን የያዘ፣ ሕገ መንግሥቱ የፈቀደለትን ዘመን ጨርሶ የለቀቀ፣ ከለቀቀም ሦስት ዓመት ያላለፈው የአገር መሪ መሆን አለበት። ገንዘቡ 5 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ በአሥር ዓመት ተከፋፍሎ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን በየዓመቱ 200 ሺህ ዶላር ይቀጥላል። ምክንያቱ ሲጠየቁ ኢብራሂም ነገሩን በነጋዴ ዓይን ያብራራሉ፦ የአውሮፓ ወይም የአሜሪካ መሪ ሥልጣን ሲለቅ መጽሐፍ ይጽፋል፣ በንግግር ሚሊዮኖች ያገኛል፣ በኩባንያ ቦርድ ይቀመጣል። የአንድ ድሃ አፍሪካዊ አገር ሐቀኛ መሪ ግን ከቤተ መንግሥት ሲወጣ ምን ይጠብቀዋል?

የመጀመሪያው ሽልማት በጥቅምት 22 ቀን 2007 በለንደን ታወጀ፤ ያወጁት የአስመራጭ ኮሚቴው ሰብሳቢ ኮፊ አናን ነበሩ። ተሸላሚው የሞዛምቢክ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ዣኪም ቺሳኖ ሆኑ። ቺሳኖ ከ1986 ጀምሮ አገሪቱን መርተው በ1992 የእርስ በርስ ጦርነቱን በስምምነት የቋጩ፣ ሕጉ ሌላ ዙር እንዲወዳደሩ በር ሳይዘጋባቸው በ2005 የለቀቁ ሰው ናቸው። ዕለቱ 68ኛ ልደታቸው ነበር። ሊነግሯቸው ቢፈልጉ በስልክ አልተገኙም፤ ለሰሜን ኡጋንዳ ጦርነት በተባበሩት መንግሥታት ልዩ መልዕክተኝነት በሰላም ተልዕኮ ላይ ነበሩ። የስልክ ባለሀብት ሽልማት በስልክ የማይገኝ ሰው ደረሰው።

ከዚያ በኋላ የቦትስዋናው ፌስተስ ሞጋዬ በ2008፣ የኬፕ ቨርዱ ፔድሮ ፒሬስ በ2011፣ የናሚቢያው ሂፊኬፑንዬ ፖሐምባ ለ2014፣ የላይቤሪያዋ ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ ለ2017፣ የኒጀሩ ማሐማዱ ኢሱፉ ለ2020 ተሸለሙ። ኔልሰን ማንዴላ በ2007 የክብር ሽልማት አግኝተዋል። በ2009፣ በ2010፣ በ2012፣ በ2013፣ በ2015፣ በ2016፣ በ2018ና በ2019 ግን ኮሚቴው ብቁ ሰው አላገኘሁም ብሎ አለፈ።

ትችቱ ብዙ ነው። የአገር ነዳጅ በእጁ ያለ አምባገነን በ5 ሚሊዮን ዶላር ተማርኮ ወንበሩን አይለቅም፤ የሚለቀው መሪ ደግሞ ያለ ሽልማትም ይለቅ ነበር የሚሉ አሉ። ሰርሊፍ ሲሸለሙ ወንዶች ልጆቻቸውን በመንግሥት ኃላፊነት ማስቀመጣቸው ተነሣባቸው፤ ከሽልማቱ ጥቂት ቀደም ብሎም የገዛ ፓርቲያቸው አባሮአቸው ነበር። ኢሱፉ በሰላም ሥልጣን ያስረከቧቸው መሐመድ ባዙም በሐምሌ 2023 በመፈንቅለ መንግሥት ወደቁ፤ የመሪ በሰዓቱ መልቀቅ ብቻውን ለአገር ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። ይሁንና ሽልማቱ ሥራውን ይበልጥ የሠራው ተሸላሚ ባልተገኘባቸው ዓመታት ይመስላል። በየጊዜው «ዘንድሮም የለም» የሚለው ዜና በአህጉሪቱ ጋዜጦች እየወጣ፣ ለምን የለም የሚል ክርክር አስነሥቷል፤ ይህን ክርክር አንድም የተሸላሚ ንግግር አላስነሣውም።

ሁለተኛው ሥራ የኢብራሂም የአፍሪካ አስተዳደር መለኪያ ነው፤ ከሽልማቱ ያነሰ ዝና፣ ምናልባትም የበለጠ ጥቅም አለው። በ2007 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ሮትበርግ ጋር በመተባበር ሲወጣ ከሰሐራ በታች ያሉ 48 አገሮችን ይዞ ነበር፤ አሁን 54ቱንም ይመለከታል። ውጤቱ ከመቶ የሚሰጥ ሲሆን በአራት ክፍል ይታያል፦ ጸጥታና የሕግ የበላይነት፣ ተሳትፎና መብት፣ ለኢኮኖሚ ዕድል መሠረት የሚሆኑ ነገሮች፣ የሰው ልማት። በእነዚህ ሥር ከብዙ ተቋማት የተሰበሰቡ አመልካቾች አሉ። ሞሪሸስ ለብዙ ዓመታት ከላይ ስትቀመጥ ሶማሊያ ከታች ነበረች። ለተመራማሪ ከደረጃው ይልቅ የሚጠቅመው አንድ አገር በአሥር ዓመት ውስጥ በየዘርፉ የሄደበት አቅጣጫ ነው፤ በመንገድና በጤና እየተሻሻለ በመብት የሚያሽቆለቁል አገር በአማካይ ውጤቱ ብቻ ቢታይ ያው ይመስላልና።

የአሠራር ዝምድናው አይሳትም። ለንደንን በአራት ማዕዘን ከፋፍለው ለእያንዳንዱ ጥቂት ቁጥር የሰጡት ሰው አህጉሩን በአገር ከፋፍለው ለእያንዳንዱ ብዙ ቁጥር ሰጡ። ነገር ግን ሁለቱ ልኬቶች እኩል አይታመኑም። የሲግናል ጥንካሬ በመሣሪያ ይነበባል፤ ሁለት ሰው ቢለካው ያው ነው። የፍርድ ቤት ነጻነት የሚለካው በባለሙያ ግምትና በሕዝብ አስተያየት ነው፤ ገማቹ ማን እንደሆነ ውጤቱን ይነካል። መንግሥታትም ደረጃቸው ሲወጣ በማስታወቂያ ይጠቅሱታል፣ ሲወርድ ዘዴው ምዕራባዊ ነው ይላሉ።

ፋውንዴሽኑ ከሪፖርቱ ጎን የኢብራሂም ፎረም የተባለ ጉባኤ በየዓመቱ በአንድ አፍሪካዊ ከተማ ያካሂዳል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት 50ኛ ዓመት በተከበረበት በ2013፣ ጉባኤው የተካሄደው አዲስ አበባ ላይ ሲሆን የተነጋገረውም ስለ አህጉሩ ቀጣይ 50 ዓመታት ነበር።

በመለኪያው ላይ ከሚነሡት ችግሮች ሁሉ ሥር የሰደደው ከፖለቲካ ጋር የተያያዘ አይደለም፤ የመረጃ እጥረት ነው። በብዙ የአፍሪካ አገሮች የሚወለድና የሚሞት ሰው ሁሉ አይመዘገብም፤ ቆጠራ ለረጅም ዓመታት ሳይካሄድ ይቆያል፤ የድህነት ጥናት በመካከሉ ረጅም ክፍተት እያለው ይደረጋል። እንዲህ ባለ አገር ስለ እናቶች ሞት ወይም ስለ ሥራ አጥነት የሚሰጠው ቁጥር ግምት ነው፤ ግምቱ ላይ የተመሠረተው ደረጃም ግምት ነው። ፋውንዴሽኑ ራሱ ይህንን በሪፖርቶቹ ያምናል። ስለዚህ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ለብሔራዊ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች በቂ በጀትና ነጻነት እንዲሰጥ፣ የልደትና የሞት ምዝገባም በየአገሩ እንዲስፋፋ መወትወትን ከዋና ሥራዎቹ አንዱ አድርጎታል።